ከስንት ሰው? ስለ በሽታ ቁጥሮች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። አጻጻፋቸው ግን ከተማውን የሚያውቅ፣ ለሰውም የሚያስብ ሰው አጻጻፍ ነው። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ ስለ በሽታ የሚነገሩን ቁጥሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ጥቂት ሺህ ሰው ጠይቆ ስለ ሚሊዮኖች ማውራት አይቻልም፤ ሕዝቡ በዓይኑ የሚያየውን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለቆጠራ የሚወጣው ገንዘብ ለመድኃኒት ይዋል። ብዙ ሰው «ልክ ነው» እያለ አስተላልፎታል። እኔ ደግሞ መጠይቅ ይዤ በጅማ ዞን ቀበሌዎች ቤት ለቤት ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው፦ «ወባ በእጥፍ ጨምሯል፤ የጤና ጣቢያው ወረፋ ምስክር ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።»

ወባ ብርቱ ችግር መሆኑን ማንም አይክድም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አሳውቋል። ግን ልብ በሉ፤ ይህን ያወቅነው ወረፋ አይተን አይደለም። ከየጤና ኬላው፣ ከየጤና ጣቢያውና ከየሆስፒታሉ እየተቆጠረ ከሚላክ ሪፖርት ነው። ጸሐፊው ይቅር የሚሉት ይህንኑ ቆጠራ ነው።

ወረፋ ብቻውን ብዙ ነገር ይደባልቃል። አጎራባች ጤና ጣቢያ የወባ መመርመሪያ ኪት ካለቀበት ሰው ሁሉ ወደዚህ ይጎርፋል። ወረፋው ይረዝማል፤ የታመመው ሰው ግን አንድም አልጨመረም። ተቃራኒውም አለ። «መድኃኒት የለም» የሚል ወሬ ከተሰማ ሰው ቤቱ ይቀራል፣ ወይ ከፋርማሲ የሆነ ነገር ገዝቶ ይውጣል። ያኔ ወረፋው ያጥራል፤ በሽታው ግን መንደር ውስጥ ነው። ወቅትም አለ። በኛ አካባቢ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው እዚህም እዚያም ሲታቆር፣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ ይነሳል። ጸሐፊው ያነጻጸሩት ደግሞ የዘንድሮን ጥቅምት ከአምናው የካቲት ጋር ነው። በዚህ ዓይነት ንጽጽር በየዓመቱ «ወባ ጨመረ» ማለት ይቻላል።

ስለዚህ «ስንት ሰው ታመመ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከስንት ሰው? በምን ያህል ጊዜ? በምን ተለይቶ? በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናው፣ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለው ሙያ ግማሽ ሥራው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማሳደድ ነው። አንዱ ቀበሌ 200 ታማሚ፣ ሌላው 100 ታማሚ አለው እንበል። የመጀመሪያው ውስጥ 10,000 ሰው፣ ሁለተኛው ውስጥ 2,000 ሰው ብቻ የሚኖር ከሆነ ከ1,000 ሰው 20 እና 50 ማለት ነው። የባሰበት ያ 100 ታማሚ ያለው ነው። ኪቱና አጎበሩ ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው፤ ወረፋውን ያየ ሰው ግን ወደ መጀመሪያው ይልከዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጸሐፊው «7.3 ሚሊዮን ሰው» ብለው ነው የጻፉት። ቁጥሩ የሰው ሳይሆን የሕመም ነው። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። ያው አንድ ልጅ በዓመት ሦስት ጊዜ ታሞ ሦስት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ሞቱም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። 1,157ን ለ7.3 ሚሊዮን ብታካፍሉት 0.02 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ግን ጤና ተቋም ደርሰው ከተመዘገቡት ውስጥ ማለት ነው። መንገድ ላይ የቀረው፣ ቤቱ ውስጥ ያረፈው፣ ከታማሚውም ከሟቹም ቁጥር ውስጥ የለም።

ቤት ለቤት የምንዞረው እነዚህን ሰዎች ፍለጋ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ በቀርሳ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታና በሰኮሩ ወረዳዎች ባሉ ቀበሌዎች የሚከታተለው የጥናት ጣቢያ አለው። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው በየቤቱ እየተጠየቀ ይመዘገባል። ሞት የተገኘበት ቤት ደግሞ ለብቻው ጥያቄ አለው። ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው ወረቀት መሙላት ይመስለዋል። ልጅዋ የሞተባትን እናት ፊት ለፊት ተቀምጠህ «ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ሳል ነበረው? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር? አንቀጥቅጦት ነበር?» ብለህ ትጠይቃለህ። የነጠላዋን ጫፍ እያጠፈች እየዘረጋች ትመልሳለች። ቀኑን አታስታውሰውም። «ቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል» ትላለች፤ በዚያ ወሩን እናሰላለን። ከዚያ መልሱን ሐኪሞች አንብበው ለሞት ያበቃውን ምክንያት ይገምታሉ። ፍጹም አይደለም። ግን ያለዚያ ያ ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው፦ «ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች አሁንም ብዙ ናቸው፤ ይህ ሁሉ ዓመት የተሠራው ሥራ ከንቱ ነበር።»

ይህን ሳነብ በጣም ነው የከፋኝ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ዛሬ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ስንት ናቸው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የስርጭት መጠን ይባላል። በዚህ ዓመት አዲስ የተያዙት ስንት ናቸው የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚቀንሰው ሰው ሲድን ወይም ሲሞት ነው። ኤች አይ ቪ ደግሞ በመድኃኒት ይገታል እንጂ ከደም አይጠፋም። ስለዚህ አዲስ የሚያዙ ሰዎች እያነሱ እንኳ መድኃኒቱ ሰውን ካቆየ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ላይቀንስ ይችላል። በነጻ የሚሰጠው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጀመሩ በፊት ያንን ቁጥር የሚቀንሰው ሞት ነበር። በየሰፈሩ ድንኳን ሲተከል የነበረበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች አለን። ዛሬ ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ ያቀፉ ሰዎች በሕይወት ስላሉ ቁጥር ውስጥ ገቡ። በሕይወት መኖራቸው የሥራ ውድቀት ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

እዚያው ላይ «ቁጥሩም በአንድ ሌሊት ወርዷል፤ ስለዚህ የተፈበረከ ነው» ብለዋል። የወረደው እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ግምት ከ4 በመቶ በላይ ነበር። ግምቱ የተሠራው በተመረጡ ጤና ተቋማት ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ ሴቶች ደም ነው። እነዚያ ተቋማት በአብዛኛው ከተማና መንገድ ዳር ያሉ ነበሩ፤ በሽታውም የበረታው እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከየቤቱ፣ ከገጠሩም ከከተማውም በዕጣ የወጡ ሰዎች ሲመረመሩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ውስጥ 1.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የተቆጠረው ሰው ተለወጠ፤ ቁጥሩም ተለወጠ። ይህ የተነገረውም በግልጽ ነው።

ሦስተኛው፦ «አሥራ አምስት ሺህ ሴት ጠይቆ ስለ አንድ መቶ ሚሊዮን ሰው ማውራት ድፍረት ነው።»

የጅማ ሰው ይህን መጠየቅ የለበትም ባይ ነኝ። ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ገዢው ጆንያውን ሁሉ አያራግፍም። ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ካሉት ጆንያዎች እየወጋ ጥቂት ጥቂት አውጥቶ ያያል። ዋናው ያወጣው ብዛት አይደለም፤ ከየት እንዳወጣው ነው። ከላይ ካሉት ብቻ አሥር ኪሎ ቢያወጣ ይሞኛል። ከየቦታው አንዳንድ ጭብጥ ቢያወጣ ግን ጭነቱን ያውቀዋል።

የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ዳሰሳም የተሠራው እንደዚሁ ነው። አገሪቱ በቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ 645 ቦታዎች በዕጣ ወጡ፤ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ቤቶች በዕጣ ወጡ፤ 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። ዕጣ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ጠያቂው መንገድ ዳር ያለውን፣ ውሻ የሌለውን፣ ቡና የሚያፈላለትን ቤት መርጦ እንዲገባ አይፈቀድለትም። የወጣለት ቤት ከወንዝ ማዶ ከሆነ ይሻገራል። ሰው ካላገኘ ተመልሶ ይመጣል። ጎረቤቱን ተክቶ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ቤቱ የማይገኝ ሰው ቤቱ ከሚውለው ሰው ጤናው ሊለይ ይችላል።

ናሙና ግን ገደብ አለው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በዚያው ዳሰሳ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱ እናቶች በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 ተብሎ ወጣ። ከ412 አጠገብ ግን ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ከ273 እስከ 551። ከዚያ በፊት የነበረው የ2011 (እ.ኤ.አ.) ዳሰሳ 676 ነበር ያለው፤ ከ541 እስከ 810። የእናት ሞት ከሌሎች ነገሮች አንጻር ብርቅ ክስተት ስለሆነ ሺህ ሴቶች ተጠይቀውም የሚገኘው ሞት ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው ወሰኑ የሚሰፋው። ጸሐፊው «መቼም 412 ብሎ እቅጩን መናገር አይቻልም» ሲሉ ልክ ናቸው። ማንም ግን እቅጩ ይህ ነው አላለም። ሪፖርቱ ራሱ «እዚህና እዚያ መካከል» ነው ያለው። ሚዲያው ነው ወሰኑን ጥሎ አንዷን ቁጥር ይዞ የሚሮጠው። በሬዲዮም በስብሰባም ላይ ወሰኑ አብሮ ይነበብ፤ ሰው ይገባዋል።

ቁጥሮች ይጋጫሉ ላሉትም አንድ ምሳሌ እዚሁ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 አገር አቀፍ የቲቢ ጥናት ተካሂዶ ነበር። አክታቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሕዋሱ የተገኘባቸው ከ100,000 አዋቂዎች 108 ናቸው። አክታውን በላቦራቶሪ በማሳደግ የተገኙት ሲጨመሩ ግን 277 ሆኑ። ያው ሰው፣ ያው ዓመት፣ ያው ጥናት። ማይክሮስኮፕ ብዙ ተሕዋስ ያለበትን አክታ ነው የሚይዘው፤ ጥቂት ያለበት ያመልጠዋል። 108ቱንም 277ቱንም የሰማ ሰው «ተጋጨ» ይላል። በምን ተለይቶ ብሎ ቢጠይቅ ግጭት የለም።

አራተኛው ነጥባቸው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። «ግድቡ ወባ አመጣ። በዓይናችን ያየነውን ለማጥናት ገንዘብ ማባከን ነው።»

ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሐይቁ ከመንገዱ ይታያል። የቆመ ውኃ፣ ዳር ዳሩ ጭቃ፣ የከብት ኮቴ የቆፈረው ኩሬ። ወባ ያመጣል ብሎ መጠርጠር ትክክል ነው። ተመራማሪዎቹም ጠርጥረው ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ሐይቁ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ ወባ እንደሚበዛባቸው አገኘ። የጸሐፊው ዓይን ያየውም ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጉዳዩ ተዘግቶ ነበር።

አልቆመም። ያ ጥናት የሕፃናቱን ደም በተወሰነ ወቅት አይቶ ስንቱ ላይ ወባ እንዳለ ነው የቆጠረው። ቀጥሎ የመጣው ጥናት ግን ከግድቡ በተለያየ ርቀት ባሉ 16 መንደሮች ከ2,000 በላይ ሕፃናትን ይዞ ሁለት ዓመት ተከታተላቸው። ማን መቼ ታመመ፣ ትንኙ በየትኛው ወር በዛ የሚለው ሁሉ አብሮ ተመዘገበ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም በወባ መያዝና ለግድቡ በመቅረብ መካከል ግንኙነት አልተገኘም። የበሽታው መውጣትና መውረድ ከትንኙ ብዛት ጋር፣ ትንኙም በይበልጥ ከዝናቡ ወቅት ጋር ነበር የሚሄደው።

ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። አንዱ በአንድ ወቅት ያለውን፣ ሌላው በጊዜ ውስጥ አዲስ የሚመጣውን ለካ። ለዚያ አካባቢ የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል ብትሉኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ስለ መያዝ የሚነግረን ተከታትሎ ያየ ነው። ለሌላ ግድብ ግን እንደገና መታየት አለበት፤ ውኃው፣ ከፍታው፣ ትንኙ ሁሉ ይለያያል። በተግባርም ልዩነት ያመጣል። ወባው ሁሉ ከሐይቁ ነው ካልን ርጭቱም አጎበሩም ሐይቁ ዳር ይከማቻል። ዝናቡ ነው ከሆነ ግን ራቅ ያለው መንደርም እኩል ያስፈልገዋል። በዓይኔ አየሁ ብለን ብንቆም ኖሮ ራቅ ያሉት መንደሮች ልጆች አጎበር ሳያገኙ ይቀሩ ነበር።

ዓይን ያያል፤ ግን የሚያየው አንድ ወገን ነው። ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲፈጅ ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ይህን ነው ያደረገው። በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ቤት ከአንድ የውኃ ኩባንያ፣ ግማሹ ከሌላው ይቀዳ ነበር። አንደኛው ውኃውን የሚወስደው የከተማው ቆሻሻ ከሚገባበት የወንዙ ክፍል ነው። ስኖው ሞቱን ብቻ አልቆጠረም፤ ቤቱንም ቆጠረ። ከቆሻሻው ከሚቀዱት 40,046 ቤቶች 1,263 ሰው ሞተ፤ ከንጹሑ ከሚቀዱት 26,107 ቤቶች 98። በ10,000 ቤት 315 እና 37 ማለት ነው። የኮሌራ ተሕዋስ በሽታውን እንደሚያመጣ ሐኪሞች ገና አልተቀበሉም ነበር። በማካፈል ብቻ ውኃው ላይ ደረሰ።

አምስተኛው ነጥብ አጭር ነው። «ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞተው ሰው ከጤና ጣቢያው ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚያ አትሂዱ» ብለዋል። ይህ አደገኛ ምክር ነው፤ ጽሑፉን ያስተላለፋችሁ ሰዎች ይህቺን እንኳ ብታወጧት እለምናችኋለሁ። ሪፈር የሚባለው የከፋበት ሰው ነው። ከዞኑ ዙሪያና ከሌላም አካባቢ ምጥ የጸናባት፣ ራሱን የሳተ፣ መኪና የገጨው ሁሉ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ጉንፋን የያዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመለሳል። ጃፓን ውስጥ በዓመት ከ1,000 ሰው ከ11 በላይ ይሞታል፤ እኛ አገር ከዚያ ያነሰ ነው። የጃፓን ሕዝብ አረጋዊ፣ የኛ ወጣት ስለሆነ እንጂ እዚያ መኖር ስለሚገድል አይደለም። ሁለት ቦታ ሲነጻጸር መጀመሪያ ማን እንደገባበት ይታይ። ምጥ የያዛት ሴት ሪፈር ከተባለች ዛሬውኑ ትሂድ።

የመጨረሻው፦ «ቆጠራው ይቅር፤ ገንዘቡ መድኃኒት ይግዛ።»

መድኃኒቱ በምን ተሰልቶ ይከፋፈል? ጤና ኬላ ስንት ክትባት ይላክለት የሚለው የሚሰላው ከተገመተው የሕፃናት ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ «የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ» የሚል ሪፖርት የሚመጣው። ከ100 ልጅ 110 አይከተብም። የተከተቡት ተቆጥረው የሚካፈሉበት የልጆች ቁጥር ግን ከእውነተኛው አንሷል። ክፋቱ የሪፖርቱ ማስቂያ መሆን አይደለም። ሽፋኑ ሞልቷል ከተባለ ያልተከተበ ልጅ የሚፈልግ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤተሰቡ ማህደር ላይ ስም በስም ካልያዘችው ያ ልጅ የሚገኘው ኩፍኝ ከገባ በኋላ ነው። መድኃኒት ያለ ቆጠራ ቢገዛ የሚሄደው ድምፁ ከፍ ወዳለበት ቦታ ነው። ድምፁ ከፍ የሚለው መንገድና ስልክ ያለበት ቀበሌ ነው።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ልቤን ነክተውታል። «ሰዉን ደጋግመው ይጠይቁታል፤ መልሱን ግን ተመልሶ የነገረው የለም» ብለዋል። እውነት ነው። ደሙን የሰጠ ልጅ፣ የልጅዋን ሞት ያወራች እናት፣ ግማሽ ቀኑን ለመጠይቅ የሰጠ ገበሬ፣ ውጤቱ ሌላ አገር በእንግሊዝኛ ሲታተም አይሰማም። ይህ መለወጥ አለበት፤ ከባድም አይደለም። ጥናቱ ሲያልቅ ቡድኑ ወደዚያው ቀበሌ ይመለስ። የቀበሌው ቁጥር፣ ከስንት ሰው እንደሆነና ወሰኑ አብሮ ተጽፎ፣ በአፋን ኦሮሞ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት በስብሰባ ላይ ይነበብላቸው፤ ጥያቄም ይቀበሉ። የጥናት በጀት ሲጸድቅ ለዚህ መመለሻ አንድ መስመር እንዲገባ፣ ያልገባበትን ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው አካል እንዲመልሰው እጠይቃለሁ።